ቢጫው ክብ

ሠዓሊው ከመሰላሉ ሥር በጀርባው ተንጋሏል። ዓይኖቹ ጣሪያውን ያያሉ፤ አንድ እግሩ የታችኛው ደረጃ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፤ አንገቱ ግን የሰው አንገት ወደማይዞርበት ዞሯል። ከበላዩ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር የሞላ ሥዕል አለ። ለሕፃናት ሆስፒታል የታዘዘ ነው፤ የታመመ ልጅ ተራውን ሲጠብቅ እንዲያየው። ሰው የለበትም፣ እንስሳ የለበትም፣ አበባ እንኳ የለበትም። ከወረቀት የተቆረጠ አንድ ሰፊ ሰማያዊ ጉብታ ከሥሩ ባለች ትንሽ ብርቱካናማ ነጥብ ላይ ጎንበስ ብሏል። በቃ። ይህን ያየ ሰው ግን ሳያስበው ትከሻውን ዝቅ ያደርጋል፤ ይዞት የቆየውን ትንፋሽ ይለቃል።

መርማሪዋም ትከሻዋ ዝቅ ሲል ተሰማትና በራሷ ተናደደች። ሬሳ ፊት መረጋጋት ለዚህ ሥራ አይመችም።

ባልደረቦቿ በሌለችበት «ልየው» ይሏታል። ሰው የፈለገውን ያህል ቢያስረዳት፣ ቢምልላት፣ ቢያለቅስላት መልሷ አንድ ነው፦ «እስቲ ልየው።» ባሏ ቀለበት ሲያመጣላት እንኳ «እስቲ ልየው» ብላ ወደ መስኮት ወስዳዋለች ይባላል። ባልየው ይህን አይክድም።

«አደጋ ነው አለቃ፣» አለ ሳጅኑ። «ወጣ፣ ተንሸራተተ፣ ወደቀ። ቁርሴን ሳልጨርስ ነው የፈታሁት።»

«ካልሲውን ዝቅ አድርገው።»

ሳጅኑ ጎንበስ ብሎ የሟቹን ካልሲ ዝቅ አደረገ። በቁርጭምጭሚቱ ዙሪያ የጣቶች ሰንበር ተጋድሟል፤ አውራ ጣት በአንድ በኩል፣ ሌሎቹ በሌላው።

«የሚንሸራተት ሰው የራሱን እግር አይጎትትም፣» አለች።

ሳጅኑ ለአፍታ አዘነ። ከዚያ ፊቱ በራ። «እንዲያ ከሆነ ገዳዩንም አግኝተናል። ሟቹ ራሱ ነግሮናል። ይምጡ፣ ዶክተር ያስረዳዎታል።»

ዶክተሩ የሟቹ ሚስት ታናሽ ወንድም ነው። የምን ዶክተር እንደሆነ በትክክል የሚያውቅ የለም፤ «ዶክተር» ሲሉት ግን ፈጥኖ ስለሚዞር ስሙ ሆኖ ቀርቷል። ስለ ቅርጽና ስለ ቀለም በየአዳራሹ ይናገራል። መቀስ ሲይዝ ያየው ሰው ግን የለም። አሁን በሩ አጠገብ፣ አንድ ትንሽ ሰሌዳ ፊት፣ ጥቁር ኮቱን ቆልፎ ቆሟል።

«ይህ የአማቼ ሥርዓት ነው፣» አለ በሐዘን ድምፅ። «እዚህ የሚሠራ ሁሉ ከሰው ጋር ከመነጋገሩ በፊት ስሜቱን እዚህ ላይ በቅርጽ ይሰካል። እያንዳንዳችን ቅርጽ አለን። እሱ ክብ ነው። እህቴ አራት ማዕዘን ናት። ተማሪዋ ሦስት ማዕዘን ናት፤ ሹሌ የምንላትም ለዚህ ነው።»

«እርስዎስ?»

ዶክተሩ የኮቱን ቁልፍ አስተካከለ። «ዘንግ።»

ኮከብ ልሁን ብሎ ጠይቆ እንደነበር መርማሪዋ በኋላ ከሌላ ሰው ሰማች።

«ከላይ የሰካ ቀሎታል፤ ከታች የሰካ ከብዶታል፤ ያዘነበለ ተረብሿል፤ ዳር የሄደ ተዉኝ ብሏል። አሁን ይህን ይመልከቱ።»

ሰሌዳው በጥቁር ወረቀት ተሸፍኗል። ከላይ አንድ ትልቅ ቀይ ሦስት ማዕዘን አዘንብሎ፣ ሹል ጫፉን ወደ ታች ደግኖ ተሰክቷል። ታች፣ ጥጉ ውስጥ፣ አንድ ትንሽ ቢጫ ክብ አለ። ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ያየው ሰው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል።

«ትናንት ከመሞቱ በፊት የሰካው ነው፣» አለ ዶክተሩ። «ሊያባርራት ነበር። ፈርቷት ነበር። ደግሞ ቀለሙን ልብ ይበሉ፤ አማቼ ነጭ ነው፣ ሁልጊዜ ነጭ። ትናንት ግን ራሱን ቢጫ አደረገ። ደም ከፊት ሲሸሽ የሚቀረው ቀለም ማለት ነው። በዚህ ላይ ሙሉ ንግግር አለኝ፤ ከፈለጉ…»

«አሁን አልፈልግም።»

ሳጅኑ ግን አፉን ከፍቶ ነበር የሚሰማው። «እንያዛት አለቃ? ጣቢያ አዛዡም እስከ ማታ ተጠርጣሪ አምጡ ብለዋል። የሆስፒታሉ ሰዎች ከላይ እየደወሉባቸው ነው።»

«እስቲ ልየው፣» አለች፤ ዓይኗን ከቢጫው ክብ ሳትነቅል።

መጀመሪያ ዘበኛውን አነጋገረች። ወንበሩ ከስቱዲዮው መስኮት ትይዩ፣ ከመንገድ መብራቱ ምሰሶ ሥር ነው።

«ትናንት ማን ወጣ፣ ማን ገባ?»

«ሹሌ ጀንበር ስትጠልቅ ወጣች፤ ዓይኗን እየጠረገች። ሌላ ጊዜ ታዋራኝ ነበር፤ ትናንት ዝም ብላኝ አለፈች። ከሷ በኋላ በዚህ በር ዝንብ አልገባም።»

«እርግጠኛ ነዎት? አልተኙም?»

«ነቅቼ ነው የምተኛው።»

«እንዴት ነው ነቅቶ መተኛት?»

«ልምድ ይጠይቃል፣» አለ ዘበኛው በኩራት። «ለምሳሌ የስቱዲዮው መብራት ከበራ ልክ ዓይኔ ላይ ነው የሚያርፈው። የሞተም ይቀሰቅሳል። ይቅርታ፤ አፌ ነው። ትናንት ግን ሹሌ ከወጣች በኋላ ጭራሽ አልበራም። ጨለማ እንደሆነ ነው ያደረው።»

«ሠዓሊው እዚያ ውስጥ እያለ?»

«እኔም ቤቱ ገብቶ ተኝቷል ብዬ ነው። ቤታቸው ከኋላ ነው፤ በጓሮ ይገናኛል።»

የሬሳ መርማሪው ሐኪም ሠዓሊው የሞተው አመሻሹ ላይ፣ ብርሃን ሊያልቅ ሲል እንደሆነ ተናግሯል። ማለትም ሹሌ በወጣችበት ሰዓት ገደማ። ወይ ትንሽ ቀድሞ፣ ወይ ትንሽ ዘግይቶ። ሳጅኑ «ትንሽ ቀድሞ» የሚለውን ወደደው፤ ካቴናውን ከቀበቶው ላይ እያሻሸ ነው።

ሹሌ ጠዋት ከውጭው በር ላይ ተይዛ፣ ወረቀት በሚከማችበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ትጠብቃለች። ሰሌዳውን አላየችም። ቀጭን፣ ጉንጨ ሹል፣ ንግግሯም እንደ ስሟ ነው።

«ለምን እያለቀስሽ ወጣሽ?» አለች መርማሪዋ፤ ከፊቷ ባለ የወረቀት ክምር ላይ እየተቀመጠች።

«ደስ ብሎኝ።»

«ደስ ያለው ሰው ይስቃል።»

«እርስዎ ሲደሰቱ ይስቁ። እኔ አለቅሳለሁ።» ወዲያው ድምፅዋ ላላ። «ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል የኔ ነው። ሐሳቡም፣ ቅርጹም። ዶክተር ግን ለሆስፒታሉ ሰዎች የራሱ ነው ብሎ ነግሯቸው፣ በየስብሰባው ሲያብራራው ከርሟል። ጋሼ ይህን የሰማው ትናንት ነው። ዛሬ ሰዎቹ ሲመጡ ‹የሷ ነው› ብዬ እነግራቸዋለሁ አለኝ።»

«ዶክተሩ ደግሞ ጋሼ ሊያባርርሽ ነበር ይላል።»

«ዶክተር ይላል። ማለት ነው ሥራው።»

«ይህን የሰማ ሌላ ሰው አለ?»

«ጋሼ።» ጣቶቿን ተመለከተች። «ማታ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ደግሞ ለሰፈሩ ሁሉ ነግራለች፤ የልጄ ሥዕል ሆስፒታል ሊሰቀል ነው ብላ። ዛሬ ማታ እጄ ታስሮ በዚያው ሰፈር ሲያሳልፉኝ ምን ትላቸዋለች?»

መርማሪዋ የወረቀት ቁርጥራጭ የሞላበትን ትሪ ከጠረጴዛው ዳር ወደ ሹሌ ጎን ገፋችው።

«እስቲ ፍርሃትን ሥሪልኝ፣» አለች።

«ምን?»

«በነዚህ ቅርጾች። ፍርሃትን።»

ሹሌ ግራ እየተጋባች ወደ ጎን እጇን ሰደደች፤ ዓይኗ መርማሪዋ ላይ ነው፣ ጣቶቿ ግን በትሪው ውስጥ ያሉትን ቁርጥራጮች ይዳስሳሉ። አንድ ትልቅ ነጭ ክብ አነሳችና ጠረጴዛው ላይ ከፊቷ አስቀመጠች። ከዚያ አንዲት ጥፍር የምታክል ቀይ ሦስት ማዕዘን ከሩቅ፣ ከጠረጴዛው ማዶ ጣለች። በመካከል ምንም የለም።

መርማሪዋ በባዶው ቦታ ላይ ጎንበስ አለች። «ሦስት ማዕዘኑ ለምን አነሰ?»

«የፈራ ሰው ራሱን ትልቅ አድርጎ ነው የሚያየው፤ የትም ሊደበቅ የማይችል። የሚፈራው ነገር ገና ሩቅ ነው። ፍርሃቱ መሃል ባዶው ቦታ ላይ ነው። ይደርሳል፣ አልደረሰም። ጋሼ ነው ያስተማረኝ። ሦስት ማዕዘኑን ትልቅ አድርገሽ አናቱ ላይ ብትጭኚበት ፍርሃት ሳይሆን አደጋ ነው የሚሆነው፤ ያለቀ ነገር፤ እሱን ማንም ይሠራዋል ይል ነበር።»

«ክቡን ስታነሺ አላየሽውም።»

«ነጭ እኮ ይታወቃል።» አውራ ጣቷን በሌላ ጣቷ ላይ አሸች። «ባለቀለሙን እትዬ፣ የጋሼ ባለቤት፣ ናት በእጇ የምትቀባው፤ ሲደርቅ ይሻክራል። ነጩ አይቀባም፣ ልስልስ ነው። እዚህ የሠራ ሁሉ በጣቱ ያውቀዋል። ጋሼማ ጠዋት ጠዋት ሰሌዳው ላይ የሚሰካው ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ እንቅልፍ ሳይለቀኝ የተሰማኝን ነው የምፈልገው እያለ።»

መርማሪዋ ተነሳች። በሩ ላይ ሳጅኑ በሹክሹክታ «እንግዲህ?» አላት። «እንግዲህ ካቴናውን ተወው፤ ልታልበው ነው እንዴ?» አለችው።

የሟቹ ሚስት ከኋላ ባለው ቤት፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጋድማ ተቀምጣለች። ጥፍሮቿ ሥር የሰማያዊና የቀይ ቅሪት አለ፤ ለዓመታት ታጥቦ ያልለቀቀ። ሰው ከቧት ነበር፤ መርማሪዋ አስወጣቻቸው።

«እትዬ፣ ትናንት ማታ ማን መጣ?»

«ማንም።» መልሱ ጥያቄውን ሊቀድም ምንም አልቀረውም።

«ባለቤትዎ ሳይመለስ ሲቀር ሄደው አላዩትም?»

«ሥራ ሲይዘው እዚያው ያድራል። ደግሞ አኩርፎ ነበር፤ ሲያኩርፍ ሰው አይወድም።»

«ማኩረፉን በምን አወቁ?»

ሴትየዋ እጆቿን ጨበጠች። «ሚስቱ ነኝ።»

«ሹሌን እንዴት ያዩዋታል?»

«እንደ ልጄ ነበረች። ጉዴ ነው። እሱ ራሱ ባይናገርባት ኖሮ ማንም ቢነግረኝ አላምንም ነበር። ወንድሜ ነገረኝ፤ በሰሌዳው ላይ ሁሉን ትቶት ሄዷል። ክቡ ከሥር፣ ሦስት ማዕዘኗ ከላይ። እኔ አላየሁትም፤ ጠዋት ያየሁት እሱን ብቻ ነው።»

«አዎ። ቢጫው ክብ ታች ጥጉ ላይ ነው።»

ሴትየዋ ቀና አለች። «ማን ቢጫ አለ?»

«ቢጫ ነው። ወንድምዎ ከፍርሃት ነው ይላል። ሰው ሲፈራ ቀለሙን ይቀይራል?»

«ቀለም እኮ…» አለችና አቆመች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደምታስረዳ፣ «ቀለም ስም ነው እዚህ ቤት። ቦታህን ትቀይራለህ፣ መጠንህን ትቀይራለህ፣ ታዘነብላለህ። ቀለምህን ግን አትቀይርም። እሱ እናቱ የሞተች ዕለት እንኳ ነጭ ነበር፤ ትንሽ፣ ነጭ፣ ከታች። ቢጫ የማንም አይደለም፤ ለልጆች ሥዕል ፀሐይ ነው የምናደርገው።» ዓይኗ ተቅበዘበዘ። «ታሞ ይሆናል። አላየው ይሆናል። አይታወቅም።»

«አይታወቅም፣» አለች መርማሪዋ። ስትወጣ ሴትየዋ አሁንም ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነበር።

ሲመሻሽ አዛዡ ራሱ ደወለ። ድምፁ ከስልኩ ውጭ ላለው ሳጅን ሁሉ ይሰማል። ተጠርጣሪዋ አሁን፣ አሁኑኑ፣ የሆስፒታሉ ሰዎች ሳይተኙ። መርማሪዋ «እሺ» አለች፤ ስልኩን ዘጋች፤ ቦርሳዋን ለማንሳት ወደ ስቱዲዮው ተመለሰች። ሬሳው ተነስቷል፤ መሰላሉ ቆሟል። ቦርሳዋን አንስታ፣ ከልማድ የተነሳ መብራቱን አጠፋችና ዞረች።

ከበሩ ላይ ቆማ ቀረች። ከውጭ ያለው ብርቱካናማ የመንገድ መብራት በመስኮቱ ገብቶ ክፍሉን አጥለቅልቆታል። ሳጅኑ ኮሪደሩ ላይ ሆኖ ሲጠብቅ ጊዜው ረዘመበት፤ እየጸለየች መሰለው፤ እሷ ስትጸልይ አይቶ ስለማያውቅ ፈራ።

«አለቃ?»

«ሁሉንም ጥራቸው፣» አለች ከጨለማው ውስጥ። «ዶክተሩን፣ እትዬን፣ ሹሌን። አንተም ግባ። መብራቱን እንዳትነካ።»

ገቡ። ሳጅኑ እንደታዘዘው በሩን ዘግቶ ጀርባውን ሰጠው። በመንገዱ ብርሃን የሁሉም ፊት አንድ ዓይነት የለፋ ቆዳ ይመስላል። የሟቹ ሚስት ወንበር ተሰጣት፤ ወንድሟ ከጀርባዋ ቆሞ እጁን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ። ሹሌ ብቻዋን ግድግዳውን ተደግፋለች። ማንም ከጎኗ አልቆመም።

«መብራት የለም እንዴ?» አለ ዶክተሩ።

«አለ። ትንሽ ይቆይ።» መርማሪዋ አንድ ትሪ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ሠዓሊው በራሱ አልወደቀም። ከመሰላሉ ላይ በእግሩ ተስቦ ነው የወረደው፤ ሰንበሩ አለ። ከዚያ ይህ የሰሌዳው ሥዕል ተገኘ። ሥዕሉን የሠራው እሱ ከሆነ፣ ሹሌን ፈርቷት ነበር ማለት ነው፤ እኔም አሁኑኑ ይዣት መሄድ አለብኝ። እሱ ካልሆነ ግን፣ የሠራው ሰው ሹሌን ሊያስበላ የፈለገ ሰው ነው። ስለዚህ የሚያስጨንቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ማን ሠራው?»

«ነገርኩዎት እኮ…» አለ ዶክተሩ።

«ነግረውኛል። ሠዓሊው ፈርቶ ራሱን ቢጫ አደረገ አሉኝ። እትዬ ደግሞ እዚህ ቤት ቀለም ስም ነው፣ አይቀየርም አሉኝ። ሥርዓቱን ያወጣው ሰው ራሱ ካፈረሰው ይገርማል። ካላፈረሰው ደግሞ፣ አንድ ሰው ነጭ ክብ ፈልጎ ቢጫ ሰክቷል ማለት ነው። ዓይን ያለው ሰው ነጭ ፈልጎ እንዴት ቢጫ ያነሳል? ሳጅን፣ ና። ከዚህ ትሪ ነጭ ክብ አንሳ።»

ሳጅኑ ጎንበስ አለ። ትሪው ውስጥ ነጭና ቢጫ ክቦች ተደርድረዋል። በመንገዱ ብርሃን ሁሉም አንድ ናቸው፤ ሁሉም የገረጣ ብርቱካን። አገላበጣቸው፣ ወደ መስኮቱ አስጠጋቸው፣ በመጨረሻ አንዱን በድፍረት አነሳ።

መርማሪዋ መብራቱን አበራች። ቢጫ ነበር። አጠፋችው።

«ዘበኛው ትናንት ይህ መብራት አልበራም ይላል፤ ከበራ ደግሞ ዓይኑ ላይ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ሥዕሉ የተሠራው እንዲህ ባለ ጨለማ ነው፤ ጀንበር ከጠለቀች በኋላ፣ ማብራት በፈራ ሰው። ሠዓሊው በገዛ ቤቱ መብራት ማብራት ማንን ይፈራል?»

«ዓይኑ ደክሞ ሊሆን ይችላል፣» አለ ዶክተሩ። እጁ ግን ከእህቱ ትከሻ ላይ ተነስቷል።

«እትዬ፣» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ነጭ ያንሱልኝ።»

ሴትየዋ ከወንበሯ አልተነሳችም። ትሪው ወደሷ ተጠጋላት። እጇን ዘረጋች፤ ዓይኗ ባዶ ግድግዳ ላይ ነው። አውራ ጣቷ አንዱን ነካ፣ ተወው። ሁለተኛውን ነካ፣ ተወው። ሦስተኛው ላይ ቆመ። መብራቱ በራ፤ ነጭ ነው። ሴትየዋ ክቡን አልለቀቀችውም፤ ጣቷ አሁንም ወረቀቱን ያሻል።

«ሹሌ።»

ሹሌም አነሳች። ነጭ።

«ዶክተር።»

«ይህ የልጆች ጨዋታ ነው።»

«ለልጆች ሆስፒታል አይደል የሚሠሩት? ያንሱ።»

ዶክተሩ ሁለቱ ሲዳስሱ አይቷል። ስለዚህ እሱም ዳሰሰ፤ ዓይኑን ሁሉ ጨፈነ፤ በአዳራሽ ፊት እንደሚቆም ሰው ተረጋግቶ አንዱን ወደ ላይ አነሳ። መብራቱ በራ። ክቡ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ነበር።

ዶክተሩ ሳቀ። «እና? ወረቀት አለመለየት ወንጀል ከሆነ ግማሹን ከተማ እሰሩት። ሳጅኑንም ጭምር።»

ሳጅኑ ሁለት እጆቹን ወደ ጀርባው ደበቀ።

«ልክ ነዎት፣» አለች መርማሪዋ። «ይህ እርስዎን አያሳስርም። የጠየቅኩትም ለእርስዎ ብዬ አይደለም።» ወንበሯን ስባ ከሟቹ ሚስት ፊት ተቀመጠች፤ ጉልበቷ የሴትየዋን ጉልበት ሊነካ ደረሰ። «የሁሉንም ሰው ቅርጽ የሚያውቅ፣ ወረቀቱን ግን ነክቶ የማያውቅ ሰው ነው ሥዕሉን የሠራው። ሹሌ ራሷን አትከስስም። እትዬ፣ የእርስዎ ጣት አይሳሳትም። የባለቤትዎስ?»

ሴትየዋ ክቡን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ትናንት በውጭው በር ማንም አልገባም። የቀረው መንገድ በጓሮ ነው፣ በእርስዎ ቤት። ያንን በር የሚከፍት ሰው ማን እንደገባ ያውቃል። ቅድም ‹ማንም አልመጣም› አሉኝ። አልዋሹኝም ማለቴ አይደለም፤ ዋሽተውኛል። ግን የዋሹት ባለቤትዎ ራሱ ሹሌን ከስሶ ሞቷል ብለው ስላመኑ ነው፤ ወንድሜን ለምን በከንቱ ላስጠይቀው ብለው። አሁን ወረቀቱ በእጅዎ ነው። እሱ በጨለማ ቢሆን፣ ታሞ ቢሆን፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቢሆን፣ ይህንና ቢጫውን ያምታታ ነበር?»

«እታለም፣» አለ ዶክተሩ ከጀርባዋ። ድምፁ የአዳራሽ ድምፅ አይደለም። «እታለም፣ ደክሞሻል። ዛሬ ምንም አትናገሪ።»

ሴትየዋ ነጩን ክብ ጉንጯ ላይ አስጠጋች፤ የሚሞቅ ነገር ይመስል። ከዚያ ዞር ሳትል ተናገረች።

«በሩን የከፈትኩልህ እኔ ነኝ።»

«እታለም…»

«‹ላናግረው› ብለህ ገባህ። ስትመለስ ‹አኩርፏል፣ እዚያው ያድራል፣ ተዪው› አልከኝ። ተውኩት። ምግብ እንኳ አልወሰድኩለትም። አንተ ተዪው ስላልከኝ ተውኩት። ጠዋት ደግሞ ‹መምጣቴን ብትናገሪ እኔን ነው የሚያንገላቱት፣ እሱ የገደለችውን በእጁ ጽፎ ሄዷል› አልከኝ። በእጁ። የትኛው እጁ ነው ይህን የማያውቅ?»

ዶክተሩ ወደ በሩ ተመለከተ። በሩ ላይ ሳጅኑ ነበር፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክለኛው ቦታ ቆሞ።

«ልገድለው አልነበረም፣» አለ በመጨረሻ። «ውረድና እንነጋገር አልኩት። ከዚያ ላይ ሆኖ፣ ፊቱን እንኳ ሳይመልስልኝ ‹ነገ የሷ ነው እላቸዋለሁ› ይለኛል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እያብራራሁት ከርሜ… ምን ሆኜ ልታይ ነው? እግሩን ያዝኩት። እንዲወርድ ብዬ።»

«ወረደ፣» አለች መርማሪዋ። «ከዚያስ?»

«መሸ። መብራት ባበራ ዘበኛው…» ግንባሩን ጠረገ። ከዚያ፣ ካቴናው እጁ ላይ ሲዘጋ እንኳ፣ አንድ ነገር እንደከነከነው ወደ ሰሌዳው ቀና አለ። «ቅንብሩ ግን ጠንካራ ነበር። ሁላችሁም ደንግጣችኋል።»

ሹሌ ከጠዋት ጀምሮ ስትከሰስበት የዋለችውን ሥዕል ለመጀመሪያ ጊዜ ቀርባ አየችው። አንገቷን ወደ አንድ በኩል ሰበር አድርጋ ትንሽ ቆየች።

«የጀማሪ ሥራ ነው፣» አለች። «ጋሼ ቀድዶ ያስደግምህ ነበር።»

ሳጅኑ ዶክተሩን ይዞት ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ድምፁ ተሰማ፤ ስለ ቀይ ቀለምና ስለ ሰው ልብ ምት የሆነ ነገር እያስረዳ ነበር። ሳጅኑ በዚህ ጊዜ «ዝም በል» አለው።

መርማሪዋ ስልኳን አውጥታ ለአዛዡ ለመደወል ወደ መስኮቱ ሄደች። ሁለቱ ሴቶች ከትሪው ወዲህና ወዲያ ቀሩ። ሴትየዋ ወደ ሹሌ እጇን ዘረጋች፤ እጇ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ፤ ወደፊት እንዳይሄድ የከለከለችው ራሷ ነበረች።

«እትዬ፣» አለች ሹሌ። «እኔን ይዘውኝ ቢሄዱ ኖሮ፣ ዝም ይሉ ነበር?»

ሴትየዋ ለመዋሸት አቅም አልነበራትም። «እሱ የሠራው ነው ብዬ እስካመንኩ ድረስ፣ አዎ።»

ሹሌ ራሷን ነቀነቀች፤ ቀስ ብላ፣ ደጋግማ። ሹራቧን ከወንበሩ ላይ አነሳች፤ አንደኛው እጅጌ ተገልብጦ ነበር፣ አስተካክላ ለበሰችው።

«እኔም እሱ የሠራው ቢመስለኝ፣» አለች፣ «አምን ነበር።»

ሴትየዋ ይህ ይቅርታ ይሁን ክስ ልትጠይቃት አፏን ከፈተች። ሹሌ ግን ወጥታለች፤ ከውጭ፣ በመንገዱ ብርሃን ውስጥ፣ እናቷ ከቀን ጀምሮ ቆማ ትጠብቃታለች።